ጀርባውስ የት አለ?

ብዙ ጊዜ ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። ፈተና ማረም፣ ኔትወርክ፣ ዝናብ... ምክንያት ሞልቷል። ዛሬ ግን ለሁለት ወር ያህል ሆዴ ውስጥ ሲመላለስ የቆየ ነገር ልጽፍላችሁ ነው። ረዘም ይላል። ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት፤ ቦንጋ ያላችሁ ደግሞ ለቡና ምክንያት አያስፈልጋችሁም።

ነገሩ የጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። የ9ኛ ክፍል ታሪክ፣ የሰው ዘር አመጣጥ። ይህንን ርዕስ ስንት ዓመት እንዳስተማርኩት የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሉሲ ወይም ድንቅነሽ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ተገኘች፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ከአፅሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል፣ በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፣ መጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል ዕዩ አልኩ።

ዘንድሮ ማየት የተሳናት ተማሪ አለችኝ። የፊት ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው፤ የምናገረውን ሁሉ በጆሮዋ ትይዛለች። «ሥዕሉን ዕዩ» ስል ጸጥ ብላ ቆየችና እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ሉሲ ምን ያህላለች?»

«ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቷም 30 ኪሎ የማይሞላ» አልኳት። ቁጥር ስለመለስኩ ጥሩ የመለስኩ መሰለኝ።

«እሱንስ ሰማሁ። እጄ ላይ ስትሆን ምን ያህላለች ማለቴ ነው።»

መልስ አልነበረኝም። የምላችሁ እውነት ነው፤ አንድም ነገር አልነበረኝም። ሉሲ ያለችው አዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ከቦንጋ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ። እዚያም ቢኬድ ለጎብኚ የሚታየው ቅጂው ነው፣ እሱም መስታወት ውስጥ ነው። ለዓይን የተሠራ ነገር ነው። ለእጅ አይደለም።

በማግስቱ ገበያ ወጣሁና ጀበናና ምጣድ የሚሸጡ አንዲት እናት ጋ ሄድኩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እማማ ልበላቸው። ስልኬን አውጥቼ የሉሲን የጉልበት አጥንት ፎቶ አሳየኋቸውና «እማማ፣ ይህንን በሸክላ ሊሠሩልኝ ይችላሉ?» አልኳቸው።

ስልኩን ተቀበሉኝ። ትንሽ አዩት። ከዚያ ገልብጠው የስልኩን ጀርባ አዩ። የምሬን ነው! ሳቄ መጣ፣ ግን ዋጥኩት።

«ልጄ፣ ይኼ ፊቱ ነው። ጀርባውስ የት አለ?»

* * *

ወዳጆቼ፣ ይህ ጥያቄ የእማማ ብቻ አይደለም። ከ50 ዓመት በላይ ዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ ሳይንቲስቶች ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ሲጠይቁት የኖሩት ጥያቄ ነው። ታሪኩን እንዳነበብኩት ላካፍላችሁ። እኔ የታሪክ ዲፕሎማ ያለኝ መምህር ነኝ እንጂ ኢንጂነር አይደለሁም፤ ስለዚህ በታሪክ ዓይን ነው የማየው።

መጀመሪያ እጅ ነበረ። የሉሲ ዳሌ ሲገኝ ተጨፍልቆና ተጣሞ ነበር። ኦወን ላቭጆይ የሚባለው አሜሪካዊ የአፅም ተመራማሪ ምን አደረገ? በጀሶ ቅጂውን ወሰደ፣ በመጋዝ ቆራረጠው፣ ከዚያ ቁርጥራጩን በቦታ በቦታው መልሶ ገጣጠመው። እንደ ቅርጻ ቅርጽ ሠሪ ማለት ነው። እንዲህ የተቃናው ዳሌ ሉሲ ቆማ ትሄድ እንደነበር ከሚያሳዩት ማስረጃዎች አንዱ ሆነ።

ሰላምንም አስቡ። ዲኪካ ላይ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 የተገኘችው ሕፃን። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ አፅሟን ከአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ለማውጣት የጥርስ ሐኪም በሚጠቀምበት መሰርሰሪያ፣ ቅንጣት በቅንጣት፣ ዓመታት ፈጅቶበታል። ዓለም ስለእሷ የሰማው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ትዕግሥት ማለት ይኼ ነው።

ቀጥሎ ማሽኑ መጣ። አርዲን ታስታውሳላችሁ፤ 4.4 ሚሊዮን ዓመት፣ መካከለኛው አዋሽ፣ አራሚስ። እ.ኤ.አ. በ1994 የመጀመሪያዎቹን የእጅ አጥንቶቿን ያገኘው የእኛው ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ነበር። የአርዲ አጥንት ግን ሲነኩት የሚፈረካከስ ዓይነት ነበር፤ የራስ ቅሏም እንደ ወደቀ እንቁላል ተሰባብሯል። በእጅ ልግጠም ቢሉ ዱቄት ነው የሚሆነው። ስለዚህ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲው ገን ሱዋ በሲቲ ስካን (በኤክስሬይ እየከተፉ ማየት በሉት) ቁርጥራጮቹን ወደ ኮምፒውተር አስገባና ከ60 በላይ የሚሆኑ ስብርባሪዎችን ስክሪን ላይ እየገጣጠመ፣ እያፈረሰ፣ እንደገና እየገጣጠመ ዓመታት ሠራ። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 ነው። አንድም አጥንት ሳይሰበር የራስ ቅል ተቀረጸ። ይህ ዲጂታል ቅርጻ ቅርጽ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ሉሲም ተራዋ ደረሰ። አሜሪካ ለኤግዚቢሽን በሄደችበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን ውስጥ ለ10 ቀናት ስካን ተደረገች። ከ35,000 በላይ ምስል ወጣ። እንደ ድፎ ዳቦ ቀጭን ቀጭን ተደርጋ የተቆረሰች አስመስላችሁ አስቡት፤ ግን ቢላዋ ሳይነካት። ከዚህ ሥራ ተነሥተው ጆን ካፕልማንና ጓደኞቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 «ሉሲ የሞተችው ከዛፍ ወድቃ ነው» ብለው ጻፉ። ሉሲን ያገኛት ዶናልድ ጆሃንሰን ግን አልተቀበለውም፤ እንዲህ ያለው ስብራት ከሞት በኋላም ሊመጣ ይችላል አለ። ተማሪዎቼ ይህንን ልብ በሉ፤ ስካኑ አንድ ነው፣ አስተያየቱ ግን ሁለት። ማሽን ማስረጃውን ያጠራል እንጂ ክርክሩን አይዘጋም።

ለእኔ ትልቁ ዜና ግን ሌላ ነው። በዚያው በ2016፣ በኢትዮጵያ ፈቃድ፣ የሉሲ ትከሻና ጉልበት ስሪዲ ፋይል በነፃ ተለቀቀ። ማንም መምህር አውርዶ በስሪዲ ማተሚያ እንዲያትመው። እኔ ይህንን ያወቅሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው። እማማ «ጀርባውስ?» ባይሉኝ ኖሮ ዛሬም ባላወቅሁት።

ስሪዲ ማተሚያ የለኝም። ስልክ አለኝ፤ እማማ ደግሞ እጅ አላቸው። ፋይሉን በስልኬ ከፍቼ ተመልሼ ሄድኩ። በአውራ ጣታቸው ስክሪኑን ገፋ ሲያደርጉት አጥንቱ ዞረ። ፊቱን፣ ጎኑን፣ ጀርባውን፣ ከታች። ደጋግመው አዞሩት። ደስ አላቸው። ቀጥለው እንዲህ አሉ፦

«አሁንስ ጀርባ አለው። ግን አይነካም። ጣቴ ያልፋል እኮ።»

* * *

«ጣቴ ያልፋል።» ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የትም አላገኘሁም። ስክሪን ላይ ያለ ነገር ሁሉ ችግሩ ይኼ ነው። ታየዋለህ፣ ታዞረዋለህ፣ ግን አይመክትህም፤ ስትገፋው መልሶ አይገፋህም። ሸክላ ሠሪ የሚሠራው ግን በዚያ መልሶ መግፋት ነው። ጭቃው ልል ከሆነ እጅ ይሰምጣል፣ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ይህንን የሚነግረው ጣት ነው። ዓይን ዘግይቶ ነው የሚሰማው።

ይህንን የመግፋት ስሜት ወደ ማሽን ለማስገባት የተደረገው ጥረት የራሱ ታሪክ አለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ቺካጎ አጠገብ ያለው የአርጎን ላቦራቶሪ ሠራተኞች በእጅ ቢነኩት የሚገድል ጨረር ያለው ዕቃ ያነሡ ነበር። ሬይመንድ ጎርትዝ የሚባል ሰው ከግድግዳ ወዲያ ማዶ የሚሠራ የብረት ክንድ ሠራላቸው። የዚህ ክንድ ልዩነቱ፣ ወዲያ ማዶ ያለው ብረት ዕቃ ሲነካ ወዲህ ያለው ሰው እጅ ላይ ግፊቱ ይሰማው ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1967 በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ፍሬድ ብሩክስ «ማዶ ያለው ዕቃ እውነተኛ መሆኑ ቀርቶ ኮምፒውተር የፈጠረው ቢሆንስ?» የሚል ሥራ ጀመረ። በኋላም ኬሚስቶች ሞለኪውል ከሞለኪውል ሲገጥም ግፊቱ በእጃቸው እንዲሰማቸው አደረገ።

ወደ ጠረጴዛ ላይ ያወረደው ግን ኤምአይቲ የሚማር ወጣት ነው፤ ቶማስ ማሲ ይባላል፣ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1993 ገደማ ከመምህሩ ከኬኔት ሳሊስበሪ ጋር «ፋንተም» የሚባል ትንሽ ክንድ ሠራ። ጣትህን ወይም እስክሪብቶ መሳይ ዘንግ ጫፉ ላይ ታስገባለህ፤ ክንዱ ውስጥ ሞተሮች አሉ፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ነገር ስትነካ ሞተሮቹ እጅህን ወደ ኋላ ይገፉታል። ባዶ አየር ላይ ግድግዳ አገኘህ ማለት ነው። በ1999 ደግሞ ያው ኩባንያቸው «ፍሪፎርም» የሚል ፕሮግራም አወጣ፤ በእጅ የሚዳሰስ የኮምፒውተር ሸክላ። ትምህርቱ «ሃፕቲክስ» ይባላል፤ በእኛ አባባል የመዳሰስ ሳይንስ።

እንዴት ነው የሚሠራው? እዚህ ላይ የፊዚክስ መምህራን ጓደኞቼ እንዳይስቁብኝ። ሁክን ታስታውሳላችሁ አይደል? ስፕሪንግ በተጫነ ቁጥር በዚያው ልክ ይገፋል። ኮምፒውተሩም እንደዚያ ያስባል፤ ጣትህ የሸክላውን ገጽ አልፎ ሁለት ሚሊ ሜትር ከገባ በሁለት ልክ ይገፋሃል፣ አራት ከገባ በእጥፍ። ልል ሸክላ ከፈለግህ ስፕሪንጉን ያላላልሃል፤ ድንጋይ ከፈለግህ ያጠነክረዋል።

በጣም ያስገረመኝ ግን ይኼኛው ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ሥዕል ካሳየን ዓይናችን ይታለላል፤ ይንቀሳቀሳል ብሎ ያምናል። እጅን ለማታለል ግን ኮምፒውተሩ በሰከንድ 1,000 ጊዜ ገደማ ማስላት አለበት። ከዚያ በጣም ካነሰ ጣት ያውቅበታል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ውሸት ነው ይላል። 24 እና 1,000! እኔ በሕይወቴ ሁሉ «ማየት ማመን ነው» ስል ኖሬያለሁ። ለካስ ለማታለል የሚቀለው ዓይን ነው።

ሌላኛው መንገድ ደግሞ ፊዚክሱን ሸክላው ውስጥ ማስገባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ዲሜትሪ ቴርዞፖሎስና ባልደረቦቹ ኮምፒውተር ላይ ያለ ነገር ቅርጽ ብቻ ሳይሆን ክብደት፣ መለጠጥና መጨማደድ እንዲኖረው የሚያደርግ ስሌት አሳተሙ። ከዚያ በፊት ስክሪን ላይ ያለ ጨርቅ የጨርቅ ሥዕል ነበር፤ ከዚያ በኋላ እንደ ጨርቅ መውደቅ ጀመረ።

ይህ ከሉሲ ጋር ምን አገናኘው? በጣም እንጂ! ሥጋ አይቀበርም፤ ይበሰብሳል። ያለን አጥንት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የካምብሪጅዋ አሽሊ ዋይዝማን በሉሲ አጥንት ላይ ጡንቻ በኮምፒውተር ቀረጸች፤ በአንድ እግር 36 ጡንቻ። እንደ እኛ ጉልበቷን ዘርግታ ቀጥ ብላ መቆም ትችል እንደነበር አሳየች። ጭኗም ከእኛ ጭን ይልቅ በጡንቻ የተሞላ ነበር፤ የእሷ 74 በመቶ ጡንቻ፣ የእኛ 50 በመቶ ያህል። በ2024 መጨረሻ ላይ ደግሞ በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን ያንን አካል ለፊዚክስ ሕግ አስገዝቶ አስሮጣት። አዎ፣ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ሉሲ ሮጠች! ፈጣን ግን አልነበረችም፤ ቢበዛ በሰከንድ 5 ሜትር ያህል። በዚያው ስሌት የሮጠው የዛሬ ሰው 8 ይጠጋል። ስለዚህ እሷ መሄድ ትችላለች፣ መሮጥም ትችላለች፤ የረጅም ርቀት ሩጫው ግን ከእሷ በኋላ የመጣ ነገር ነው። የእነ ኃይሌ እግር ገና አልተሠራም ነበር ማለት ነው።

* * *

ወደ እማማ ልመለስ።

መጀመሪያ የሠሩት አጥንት ቀጥ ያለ ነበር። እኔም አላስተዋልኩም። ራሳቸው ናቸው ስልኩን እንደገና ያስከፈቱኝ። አዞሩት፣ አዞሩትና «ይኼ ነገር ያዘነብላል። የሚያዘነብል ዕቃ ስለማልሠራ ነው ያቃናሁት» አሉኝ። ትክክል ናቸው። የጭን አጥንትን የታችኛውን ሁለት እብጠት ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡት፣ የሰው ከሆነ ዘንጉ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ወደ ጎን ያዘነብላል። የዝንጀሮ ዘመድ የሆነው የቺምፓንዚ ግን ቀጥ ይላል። በዚህ ዝንባሌ ምክንያት ነው ስንራመድ ጉልበታችን ከሰውነታችን በታች የሚመጣውና የማንወላገደው። ሉሲ ከመገኘቷ ከአንድ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ጆሃንሰን ሐዳር ላይ ያገኘው የጉልበት መገጣጠሚያ በሁለት እግር መሄድን የመሰከረው በዚሁ ነው። እኔ ይህንን ከመጽሐፍ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! እጄ ላይ ያለው ቀጥ ማለቱን ግን አላየሁም።

ሁለተኛውን አዘንብለው ሠሩት። ትልቅ አደረጉት። «ፎቶው ላይ ከተጻፈው ልክ በለጠ እኮ» አልኳቸው። «ሸክላ ሲደርቅ ይቀንሳል፣ ሲተኮስ ይቀንሳል። አሁን ልኩን ከሆነ ኋላ ልጅ ይሆናል» አሉኝ። የቴርዞፖሎስ ስሌት ጣታቸው ውስጥ ነው ያለው።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። ትምህርቱ ሐሙስ ነበር። ረቡዕ ሄጄ «እማማ፣ ዛሬ ይተኮስልኝ» ብዬ አጣደፍኳቸው። «ሆዱ አልደረቀም ልጄ» አሉኝ። «ግድ የለም» አልኩ፣ የተማርኩት ሰውዬ። እሳት ውስጥ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ጧ! አለ። እርጥበቱ ተንኖ መውጫ ሲያጣ አፈነዳው። እሳቸው ምንም አላሉኝም። ስብርባሪውን በእንጨት እየለቀሙ ወደ ዳር አወጡት። ሐሙስን ያለ አጥንት አስተማርኩ።

ሦስተኛው በሚቀጥለው ሳምንት ደረሰ። «አንቺ ራስሽ ነይና ስጭልን» እንደምንለው ዓይነት፣ ክፍል ድረስ መጥተው እንዲሰጡ ለመንኳቸው፤ መጡም። በዕረፍት ሰዓት ሻይ ልጋብዛቸው ወደ መምህራን ክፍል ስወስዳቸው ግን በሩ ላይ ቆሙ። «እዚሁ ይበቃኛል» አሉ። ግቡ እንጂ አልኳቸው። «አልለመድኩም ልጄ።» ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ካፋ ያደጋችሁ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ለሌሎቻችሁ ልንገራችሁ። እኛ አገር ሸክላ የሚሠራ፣ ቆዳ የሚፍቅ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ዕቃው ቤት ይገባል እንጂ እሱ አይገባም ነበር። የሚጠሩበትን ስምም እዚህ አልደግመውም። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ አያቴ ጀበና ስትገዛ ሻጯ ከአጥሩ ውጭ ነበር የምትቆመው። ገንዘቡን ወስጄ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። መሬት ላይ እንዳስቀምጠው ነበር የሚነገረኝ። አስቀምጥ ነበር። አያቴ ደግ ሴት ነበረች፣ እወዳታለሁ፤ ይህም ግን አብሮ እውነት ነው። በዚያ ጀበና ነው ያደግሁት።

ክፍል ውስጥ የማስተምረው አለ፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያወጁት አዋጅ። ባለ እጅን፣ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ገበሬውን የሚሰድብ እንዲተው፣ ሁላችንም ከአዳምና ከሔዋን እንደመጣን፣ አሻፈረኝ ያለ እንደሚቀጣ ይናገራል። አዋጁ ሲወጣ ካፋ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ከገባች 10 ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር። ዛሬ ደግሞ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ እኩል ነው ይላል። አዋጅም አለ፣ ሕገ መንግሥትም አለ። የመምህራን ክፍል በር ላይ ግን እማማ ቆሙ፤ ማንም አልከለከላቸውም፣ ግን ማንም «ግቡ» ብሏቸው ስለማያውቅ ቆሙ።

በዓለም ላይ የኮምፒውተር ሰዎች የሸክላ ሠሪን ጣት ስሜት ማሽን ውስጥ ለማስገባት በሰከንድ ሺህ ጊዜ እያሰሉ ነው። እኛ ዘንድ ያ ጣት ከአጥር ውጭ ቆሟል።

* * *

አጥንቱን ለተማሪዬ የሰጧት እማማ ራሳቸው ናቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። በሁለት እጇ ያዘችው፣ አገላበጠችው፣ መዘነችው። እብጠቶቹን በአውራ ጣቷ ዞረቻቸው። ከዚያ ማንም ሳይነግራት ዴስኳ ላይ አቆመችውና ሳቀች።

«መምህር፣ አጋድሏል!»

«ምን ማለት ይመስልሻል?»

ዝም ብላ እጇን ወደ ራሷ ጭን አወረደች። ከዳሌዋ እስከ ጉልበቷ በመዳፏ ሄደች። «የእኔም እንደዚሁ ነው» አለች።

ሥዕሉን ያዩት 50 ተማሪዎች አንዳቸውም ይህንን ብለውኝ አያውቁም። እኔም ሳልነግራቸው ብለው አያውቁም። ከዚያ በኋላ አጥንቱ ከዴስክ ወደ ዴስክ ዞረ፤ ሁሉም ጭናቸውን ሲዳስሱ ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። እማማም በሩ ላይ ቆመው ሳቁ። በዚያ ቀን ግን ከክፍሉ አልወጡም፤ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ክፍለ ጊዜውን ጨረሱ።

እንግዲህ ይህንን ሁሉ የጻፍኩት ለምንድን ነው? ሁለት ነገር ልላችሁ ፈልጌ ነው።

አንደኛው ስለ ካፋ ዘውድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 የመጨረሻው የካፋ ታቶ፣ ጋኪ ሸሮቾ፣ ሲማረክ ዘውዱ ተወሰደ። በምኒልክ አማካሪ በአልፍሬድ ኢልግ በኩል ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1954 ነው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ወደ አገር የተመለሰው። እኔ የካፋ ልጅ ነኝ፣ የታሪክ መምህር ነኝ፣ ዘውዱን የማውቀው በፎቶ ነው። በአንድ ፎቶ፣ ከፊት ለፊት። እማማ ስልኩን ገልብጠው እንዳዩት እኔም አንድ ቀን መጽሐፉን ልገለብጠው ምንም አልቀረኝም። ጀርባውስ ምን ይመስላል? ክብደቱስ? ሉሲን 10 ቀን ስካን አድርጎ ጉልበቷን ለዓለም በነፃ መስጠት ከተቻለ፣ ዘውዱን ስካን አድርጎ ፋይሉን ለቦንጋ ልጆች መስጠት የሚከብድ አይመስለኝም። ዕቃው ባለበት ይቀመጥ፤ ቅርጹ ግን ይምጣ። እዚህ ከተማችን ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አለን፤ የሚቀመጥበት አያጣም። በኮምፒውተርና በቅርስ ዘርፍ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አላችሁ አውቃለሁ፤ ይህንን ጉዳይ ለማን ማቅረብ እንዳለብኝ ንገሩኝ። ብሌንደር የሚባለው የቅርጽ ፕሮግራምም ነፃ ነው ይላሉ፤ የምታውቁ ካላችሁ ለተማሪዎች ሁለት ቅዳሜ ስጡኝ።

ሁለተኛው ቀላል ነው፣ ግን ይከብዳል። ቀጣይ ዓመት የሰው ዘር ትምህርት ሲደርስ እማማን እንደገና እጋብዛለሁ። አሁን በሕይወት የሌለችው አያቴ ያልሰጠቻቸውን ወንበር እኔ ልሰጥ። ክፍያቸውንም እጃቸው ላይ እንጂ መሬት ላይ አላስቀምጥም። ከቦንጋ ያላችሁ ደግሞ ቤታችሁ ጀበና ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ፣ ይህንን ጽሑፍ ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት በሩን ክፈቱና «ግቡ» በሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ «አልለመድኩም» ይሏችኋል። ስለዚህ ደጋግማችሁ በሉ።

የፈነዳውን አጥንት ስብርባሪ ይዤዋለሁ። የጠረጴዛ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ስቸኩል አየዋለሁ።

ቸር ሰንብቱልኝ።